የሞተር ጭስ ማውጫ፦ ወዴት ይውጣ? በምንስ ይውጣ?

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

መግቢያ



የበጋ መስኖ እየሰፋ ሲሄድ የውሃ መሳቢያ ሞተር በየማሳው ገብቷል። መውቂያ ማሽንም በየአውድማው ይዞራል፤ ትራክተር የገዙ ወይም በቡድን የተከራዩ አባላትም ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። በየሥልጠናው ስለ ዘይት መቀየር፣ ስለ ነዳጅ ማጣሪያና ስለ አየር ማጽጃ ብዙ ተነግሯል። ስለ ጭስ ማውጫው ግን ጠያቂም አስረጂም አይገኝም። ሞተሩ ሲገዛ አብሮት የመጣ አጭር ቱቦ ነው፤ ሲዛግ በሽቦ ይታሰራል፣ ሲጮህ በቆርቆሮ ይሸፈናል፣ በዚያው ይረሳል።

የዚህ ትምህርት ዓላማ ሠልጣኞች ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት ጭሱ የት እንደሚሄድ አይተው እንዲወስኑ፣ ቱቦ ማስረዘም ሲያስፈልግ በትክክል እንዲያሠሩ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቱቦ ማስረዘም መፍትሔ የማይሆንበትን ቦታ ለይተው እንዲያውቁ ነው። ይህ የመጨረሻው የሰው ሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ሰፊውን ቦታ የሰጠነው ለእሱ ነው።

1. በጭሱ ውስጥ ያለው

ከሞተር የሚወጣው ጭስ የሚታየው ጥቁሩ ወይም ነጩ ብቻ አይደለም። ከሁሉ የከፋው የማይታየው ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጉሮሮ አይከረክርም። በክረምት ቤት ዘግተው ከሰል አቀጣጥለው የተኙ ሰዎች ጠዋት ሞተው መገኘታቸውን ያልሰማ የለም። እዚያ የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። የደማችን ቀይ ክፍል ኦክስጅን ለመሸከም የተሠራ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲገኝ ግን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ የሚይዘው እሱን ነው። ሰውየው እየተነፈሰ ነው፣ ደሙ ግን ባዶውን ይመላለሳል።

በቤንዚን የሚሠሩት ትንንሽ የውሃ መሳቢያ ሞተሮች ከናፍጣዎቹ ይልቅ ይህን ጋዝ በብዛት ያወጣሉ። ከጭሳቸው ውስጥ 3 በመቶና ከዚያም በላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊሆን ይችላል። የእኛ አገር ከፍታ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ካርቡሬተሩ በፋብሪካ የተስተካከለው ለቆላና ለባሕር ዳርቻ አየር ነው፤ በ2000 ሜትር ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ያው ነዳጅ ለጥቂት አየር ይበዛበታል። ነዳጁ በደንብ ሳይቃጠል ይቀርና ጥቁር ጭስና ብዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። «ሞተሬ ደጋ ሲወጣ ያጨሳል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል» የምትሉት ስህተት አይደለም። በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

የናፍጣ ሞተር ካርቦን ሞኖክሳይዱ አነስተኛ ነው ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም። በተዘጋ ቦታ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፣ ሳንባ የሚያቃጥሉ ሌሎች ጋዞችም አሉት። «የእኔ ናፍጣ ነው» ብሎ መዝናናት አይገባም።

2. ጉድጓድ ውስጥ የወረደ ሞተር

በመጀመሪያ ሰው ሞተሩን ወደ ጉድጓድ ለምን ያወርዳል? ሞኝ ሆኖ አይደለም። ምክንያቱ ውሃው ነው።

የውሃ መሳቢያ ፓምፕ ውሃውን የሚስበው በራሱ ጉልበት ብቻ አይደለም። ፓምፑ በመምጠጫው ቱቦ ውስጥ ያለውን አየር ያወጣል፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው በውሃው ገጽ ላይ የተጫነው የውጭ አየር ነው። በባሕር ጠለል ይህ የአየር ጫና ውሃን እስከ 10 ሜትር ገደማ ሊገፋ ይችላል። እንደ ባሕር ዳር ባለ 1800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ግን ከ8 ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ ከ2800 ሜትር በላይ በሚገኘው በደብረ ብርሃን አካባቢ ወደ 7 ሜትር ይወርዳል። ይህ በስሌት ነው። በሥራ ላይ በቱቦው ውስጥ የሚባክነው ሲቀነስ በወይና ደጋ 6 ሜትር፣ በደጋ 5 ሜትር ገደማ ሲሆን ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። የፈረስ ጉልበቱ ቢጨምርም ለውጥ የለውም።

በጥቅምትና በኅዳር ውሃው ቅርብ ስለሆነ ሁሉም ይሠራል። የካቲትና መጋቢት ላይ፣ ስንዴው ዛላ ሲያወጣ፣ ሽንኩርቱ ሲያብጥ፣ የጉድጓዱ ውሃ ይሸሻል። ፓምፑ ይጮሃል እንጂ ውሃ አይወጣም። አርሶ አደሩ የዘር፣ የማዳበሪያና የነዳጅ ዕዳ አለበት። ስለዚህ ከጉድጓዱ ግድግዳ ላይ መደርደሪያ ይቆርጥና ሞተሩን በገመድ ያወርደዋል። ከዚያ ውሃው ይወጣል። በእርግጥም ይወጣል፤ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው ሠርቶ ያሳያል፣ አደጋው ግን አይታይም።

እስቲ አብረን እናስላ። የጉድጓዱ ስፋት 1 ሜትር ከ20፣ ጥልቀቱ 8 ሜትር ቢሆን በውስጡ ያለው አየር 9 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ ይህም 9000 ሊትር ማለት ነው። ባለ 200 ሲሲ የቤንዚን ሞተር በሙሉ ፍጥነት ሲሠራ በደቂቃ ወደ 300 ሊትር ጭስ ያወጣል። ከዚህ 3 በመቶው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሆነ በደቂቃ 9 ሊትር ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከጉድጓዱ አየር ከሺህ አንዱ እጅ መርዝ ሆነ ማለት ነው። ይህ መጠን ሰው ለረጅም ጊዜ ከተነፈሰው ይገድላል። 10 ደቂቃ ሲሞላ ከመቶ አንዱ እጅ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ራስ አስቶ ይገድላል። ነዳጅ ለመጨመር ወይም የወለቀ ጎማ ለማሰር ወርዶ መውጣት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ሞተሩ ከጠፋም በኋላ አደጋው ያለው እንደነበረ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከአየር ጋር ተቀራራቢ ክብደት ስላለው በፍጥነት ወደ ላይ አይተንም፣ ሙሉ በሙሉም ወደ ታች አይዘቅጥም። ንፋስ በማይገባበት ጉድጓድ ውስጥ ተቀላቅሎ ለሰዓታት ይቆያል። «ሞተሩን አጥፍቼ ትንሽ ጠብቄ ነው የወረድኩት» የሚለው አነጋገር ስለዚህ ዋስትና አይሆንም።

ስለ ኩራዝና ስለ ሻማም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ጉድጓድ ቆፋሪዎች መብራት አውርደው እሳቱ ከጠፋ አይወርዱም። ይህ የቆየ ብልሃት ነው፤ ኦክስጅን ማነሱን በትክክል ያሳያል። ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን አያሳይም። ሰውን በሚገድል መጠን ውስጥ ሻማው እንደበራ ይቆያል። በሞተር ጭስ ጉዳይ በኩራዝ መተማመን አይገባም።

«ጭሱን በቱቦ ወደ ላይ ባወጣውስ?»

ብዙዎቻችሁ ይህን እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። እኔም በአንድ ወቅት መልሱ «አዎ» ይመስለኝ ነበር።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በነበርኩበት ጊዜ አንድ በዕድሜ የሚበልጡኝ ታታሪ አርሶ አደር ሞተራቸውን 4 ሜትር አውርደው ሲሠሩ አገኘኋቸው። አደጋ መሆኑን ነገርኳቸው። «ታዲያ ሽንኩርቱ ይድረቅ?» አሉኝ። ትንሽ አሰብኩና «እንግዲያው ጋሼ፣ ጭሱን በብረት ቱቦ ወደ ላይ ያውጡት» አልኳቸው። ከከተማ የውሃ ቱቦ ገዙ፣ በመገጣጠሚያ አስረዘሙ፣ ከሞተሩ ጋር የሚገናኘውን አፍ በቆርቆሮ ጠቅልለው በሽቦ አሰሩት። በማግሥቱ አይቼ ጥሩ ሆኗል ብዬ አመሰገንኳቸው። ጭሱ በቱቦው አፍ ከመሬት በላይ ሲወጣ ይታያል።

በሦስተኛው ቀን ነዳጅ ሊጨምሩ ወረዱ። ባለቤታቸው ገመዱን ይዘው ከላይ ነበሩ። ሲጠሯቸው መልሳቸው ዘገየ፣ አንደበታቸውም ተሳሰረ። እትዬ ልጆቻቸውን ጠርተው በገመዱ ጎትተው አወጧቸው። አስታወኩ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ራሳቸውን አመማቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፉ። ልጠይቃቸው ስሄድ እትዬ ቡና እያፈሉ ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ቱቦው እኮ አንተ ያልከው ነው» አሉኝ። ከዚያ ሌላ አልተናገሩም። ከዚያ ወዲህ ያንን ምክር ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።

ምን ሆኖ ነው? ቱቦው ሲረዝም ጭሱ ለመውጣት ግፊት ያስፈልገዋል፤ ግፊቱ ሲጨምር ጭሱ የላላ ቦታ ፈልጎ ይወጣል። የላላው ቦታ ደግሞ በሽቦ የታሰረው የታችኛው መገጣጠሚያ ነበር። ከላይ ጭስ መታየቱ ከታች አለመፍሰሱን አያሳይም። በደንብ ቢበየድ እንኳን ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ብየዳው በሙቀትና በንቅንቅ ይሰነጠቃል፣ ማሸጊያ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። በሜዳ ላይ ቢሆን ትንሽ ፍሳሽ ምንም አይደለም። በጉድጓድ ውስጥ ግን ትንሽ የሚባል ፍሳሽ የለም።

ስለዚህ የቢሯችን ምክር አጭር ነው። በነዳጅ የሚሠራ ሞተር፣ ቱቦው ቢረዝምም ባይረዝምም፣ ጉድጓድ ውስጥ አይወርድም።

ታዲያ ውሃው ሲሸሽ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ፓምፑ ያልሳበው በእርግጥ በጥልቀቱ ምክንያት መሆኑን አጣሩ። ከማያቸው አቤቱታዎች ብዙዎቹ የመምጠጫ ጎማ ፍሳሽ ናቸው። ጎማው ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ስንጥቅ ብትኖር ፓምፑ በውሃ ፈንታ አየር ይስባል። የፉት ቫልቩ ላስቲክ ካለቀ ወይም ጭቃ ከያዘው ያው ነው። ማሰሪያዎቹን አጥብቁ፣ ጎማውን ውሃ ሞልታችሁ የሚያንጠባጥብበትን ፈልጉ። ከፓምፑ አፍ የጠበበ መምጠጫ ጎማ አትግጠሙ። ገመድና ድንጋይ አውርዳችሁ ከፓምፑ እስከ ውሃው ገጽ ያለውን ለኩ። 5 ሜትር ያልሞላ ከሆነ ችግሩ ከጎማው ወይም ከፓምፑ ነው።

ልኬቱ ከዚያ ካለፈ የሚያስፈልገው ከታች ሆኖ የሚገፋ እንጂ ከላይ ሆኖ የሚስብ ፓምፕ አይደለም። መብራት ባለበት ወይም የፀሐይ ኃይል መግዛት በሚቻልበት ቦታ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ አለ፤ ጭስ የለውም። በጄኔሬተር የሚሠራ ከሆነም ጄኔሬተሩ ከላይ፣ ከጉድጓዱ አፍ ርቆ ይቀመጣል፤ የሚወርደው ገመዱና ፓምፑ ብቻ ነው። ለጓሮ አትክልት የሚበቃ ውሃ ለሚፈልግ በእጅ የሚሽከረከር የገመድ ፓምፕ ከዚህ በላይ ጥልቀት ያወጣል። ዋጋው ለአንድ ሰው ከከበደ በመስኖ ተጠቃሚዎች ቡድን መግዛት ይቻላል፤ የብድር ጉዳይ ካለ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ኑ። የሚመለከታቸውን ባለሙያዎች አብረን እናነጋግራለን።

ሌላው አማራጭ የማይወደደው ነው፤ በመጋቢት ውሃ የሚሸሽ ጉድጓድ ያለው ሰው የሚያለማውን መሬት በኅዳር መቀነስ አለበት። በዕቅድ ወቅት ከልማት ሠራተኛው ጋር መነጋገር ያለባችሁ ያን ጊዜ ነው።

ሞተሩ ከላይ ቢሆንም ጭስ ማውጫው ወደ ጉድጓዱ አፍ መዞር የለበትም። ንፋሱ ወደ ጉድጓዱ የሚመልሰው ከሆነ ሞተሩን አዙሩት። ጉድጓድ ውስጥ ደለል የሚያወጣ ወይም ግድግዳ የሚጠግን ሰው እያለ ደግሞ በአቅራቢያው ምንም ሞተር አይነሳ።

ሰው ቢታፈን

ምልክቱ ራስ ምታት፣ መፍዘዝ፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት፣ የአንደበት መያያዝ ነው። የሚያስቸግረው ነገር ሰውየው ራሱ መታመሙን ሳያውቅ እግሩ መክዳቱ ነው። ከታች ያለ ሰው መልስ ሲዘገይ ወዲያው ይጎተት።

በገመድ ያልታሰረ ከሆነ የሚከተለውን ለመናገር ይከብዳል፣ ግን መነገር አለበት። ማንም ተከትሎ አይውረድ። በጉድጓድ አደጋ የመጀመሪያውን ሊያወጣ የወረደ ወንድም፣ እሱን ሊያወጣ የወረደ አባት፣ አንድ ላይ የሚቀሩበት ምክንያት ይኸው ነው። ሰው ጥሩ፣ ለፖሊስና ለጤና ጣቢያ ደውሉ፣ ከላይ ሆናችሁ በገመድና በመንጠቆ ልብሱን ወይም ቀበቶውን ለመያዝ ሞክሩ። ቅጠል ያለው የዛፍ ቅርንጫፍ አስራችሁ ደጋግሞ ማውረድና ማውጣት አየሩን ያንቀሳቅሳል፤ ይሁን እንጂ ለመውረድ ፈቃድ አይሰጥም።

የወጣው ሰው ወደ ንጹሕ አየር ይወሰድ፣ ልብሱ ይላላ፣ መተንፈስ ካቆመ የሠለጠነ ሰው ትንፋሽ ይስጠው። ነቅቶ «ደህና ነኝ» ቢልም ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ደሙ በንጹሕ አየር ብቻ ጋዙን ግማሽ በግማሽ ለመልቀቅ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈልጋል፤ ኦክስጅን ሲሰጠው ግን ይህ ጊዜ በብዙ ያጥራል። ለጤና ባለሙያው «የሞተር ጭስ ነው» ብላችሁ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት በወባ ወይም በምግብ መመረዝ ሊጠረጥረው ይችላል።

3. ቱቦ ማስረዘም በሚገባበት ቦታ

የሞተር መጠለያ፣ የወፍጮ ቤትና የመጋዘን ማሽን ጭሳቸው ከግድግዳ ውጭ መውጣት ስላለበት ቱቦ ይረዝምላቸዋል። ለሌባ ስንፈራ ሞተሩን መኖሪያ ቤት ውስጥ ማሳደር የተለመደ ነው፤ ማሳደሩ ባይከፋም እዚያው ማስነሳት ግን የለም። «ለሙከራ አንዴ ብቻ» የሚባለውም አይፈቀድም።

ቱቦው ከሞተሩ መውጫ የጠበበ መሆን የለበትም። ከ3 ሜትር በላይ የሚረዝም ከሆነ ደግሞ ሰፋ ያለ ይመረጥ፤ መውጫው 32 ሚሊ ሜትር ከሆነ 50 ሚሊ ሜትር ቱቦ ጥሩ ነው። እጥፋቶቹ ይቀንሱ፣ የሚታጠፈውም እንደ ማጭድ ለስለስ ብሎ ይታጠፍ። አንድ ሹል እጥፋት በ50 ሚሊ ሜትር ቱቦ ላይ ከ1 ሜትር በላይ ቀጥ ያለ ቱቦ እንደ መጨመር ነው። ጭሱ ሲታፈን ሞተሩ ይግላል፣ ጉልበቱ ይወርዳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ጥቁር ያጨሳል። ቱቦ ካስረዘማችሁ በኋላ እነዚህ ምልክቶች ከታዩ የምትጠረጥሩት ሞተሩን ሳይሆን ቱቦውን ነው።

ክብደቱ በሞተሩ ላይ አይንጠልጠል። ብዙ የሞተር አፍ የተሰነጠቀው በዚህ ነው። ቱቦው በራሱ የብረት ምሰሶ ላይ ይቁም፣ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው አጭር ክፍል ተጣጣፊ የብረት ቱቦ ይሁን፤ ንቅንቁን እሱ ይቀበለዋል። የፕላስቲክ ቱቦ በጭራሽ አይሆንም፣ ይቀልጣል። ነጭ ቅብ ያለው የውሃ ቱቦ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ትኩሳት ያስይዘዋል። ስለዚህ ቅብ የሌለው ጥቁር ብረት ይሻላል፤ የግድ ከሆነ የሚበየድበት ቦታ ቅቡ ተፍቆ፣ ደጅ ላይ፣ በያጁ ንፋሱን ከኋላው አድርጎ ይሥራ።

ግድግዳው የእንጨትና የጭቃ ከሆነ ወይም ጣሪያው ሣር ከሆነ ቱቦው የሚያልፍበት ቀዳዳ በዙሪያው ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ይሁን፣ ክፍተቱም በላሜራ ይሸፈን። ውጭ የሚወጣው አፍ ከሰው ራስ በላይ፣ ከመስኮትና ከበር ራቅ ብሎ፣ ለጎረቤትም ሳይዞር ይሁን። አግዳሚው ክፍል ወደ ውጭ ትንሽ ዘንበል ይበል። ሞተር ሲቀዘቅዝ በቱቦው ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፤ ወደ ሞተሩ ዘንበል ካለ ውሃው ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ሽቅብ ለቆመ ቱቦ የዝናብ ክዳን ያስፈልገዋል። ጣሳ ደፍታችሁ የምታሳድሩ አላችሁ፣ ጥሩ ነው፤ ሲነሳ ማውረዱን የሚያስታውስ ሰው ከተገኘ።

4. በአውድማ ላይ

እዚህ ያለው አደጋ እሳት ነው። የሞተሩ ማኒፎልድና የጭስ ማውጫው አንገት ሥራ ሲበዛበት ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊግል ይችላል፤ ደረቅ ጭድ ደግሞ ከ300 ዲግሪ በታችም መጨስ ይጀምራል። በአንድ ክብሪት የአንድ ዓመት ልፋት እንደሚያልቅ እናውቃለን፤ የመውቂያው ቱቦም ሳይጫር የሚነድ ክብሪት ነው።

ማሽኑ የሚቆምበትን አቅጣጫ ስትመርጡ ንፋሱን እዩ። ንፋሱ ከሞተሩ ወደ ጭድ ክምሩ ከነፈሰ ፍንጣሪው ወደ ክምሩ ይሄዳል። ከክምሩ ወደ ሞተሩ ከነፈሰ ደግሞ ብናኙ ገለባ በጋለው ቱቦ ላይ ይከመራል። ስለዚህ ንፋሱ በማሽኑ ጎን በኩል አግድም እንዲያልፍ አድርጋችሁ አቁሙት። ቱቦው ሽቅብ ቆሞ ከሠራተኛው ራስ በላይ ይውጣ። ወደ መሬት ወይም ወደ ጎን የዞረ ቱቦ በአውድማ ላይ ቦታ የለውም። በቱቦው አፍ ላይ ፍንጣሪ የሚይዝ ወንፊት ያለው ማርሚታ ቢገጠም ጥሩ ነው፤ ወንፊቱ ግን በጥላሸት ስለሚደፈን በየጊዜው ይጽዳ። ረጅም ጊዜ በዝግታ የቆየ ሞተር ድንገት ሲጫን የተጠራቀመው ጥላሸት እየነደደ ይወጣል፤ ፍንጣሪ በብዛት የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

ነዳጅ የሚሞላው ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። በዚያው ዕረፍት በማኒፎልዱ ዙሪያ የተጠራቀመው ገለባ ይጠረግ። ሁለት በርሜል ውሃና አካፋ ይቅረብ። የኮምባይነር ባለቤቶችን ስትከራዩም የጭስ ማውጫውን ሁኔታ ማየት መብታችሁ ነው፤ ማሳው የእናንተ ነው።

5. ባሌስትራ ተጨምሮ ከፍ ስላለ መኪና

ከአባሎቻችን አንዳንዶቹ ፒካፕ ገዝተዋል። መንገዱ ድንጋይ ስለሆነ ባሌስትራ አስጨምረው ወይም ሌላ ብረት አስገብተው ከፍ ያስደርጉታል። መኪናው ከፍ ሲል የጭስ ማውጫው ቱቦ ግን የተሠራው ለቀድሞው ቁመት ነው። ይህን ጋራዦቹ ብዙ ጊዜ አይነግሩም።

ማየት ያለባችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የኋላው እግር ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ አክስሉ ከቀድሞው በላይ ዝቅ ይላል። በአክስሉ ሥር የሚያልፍ ቱቦ ካለ ይመታዋል፤ ከካምቢዮው የሚሄደው ዘንግም አቅጣጫው ስለሚቀየር ቱቦውን ሊነካው ይችላል። መኪናው ሻንሲው ላይ በክሪክ ተነስቶ እግሮቹ ተንጠልጥለው፣ ከዚያም ተጭኖ ዝቅ ብሎ፣ ሁለቱም ጊዜ ከሥር ይታይ። ቱቦው ከፍሬን ጎማና ከነዳጅ መስመር መራቅ አለበት፤ መራቅ ካልቻለ በመሃሉ ላሜራ ይገባል።

ሁለተኛ፣ አንዳንዱ ከፍ የሚደረገው በሻንሲውና በአካሉ መካከል ማስነሻ በማስገባት ነው። ያን ጊዜ ቱቦው ከሻንሲው ጋር ታች ይቀራል፣ አካሉ ብቻ ይነሳል። ወለሉ ላይ በካምቢዮ ዱላው ዙሪያ ያለው ላስቲክ ይቀደዳል፣ ጭሱም ወደ ጋቢና ይገባል።

ሦስተኛው የቱቦው ጫፍ ነው። ከጭነቱ ወለል በታች ማለቅ የለበትም፤ ከአካሉ ጠርዝ ማለፍ አለበት። መኪና ሲሄድ ከኋላው አየር ስለሚሳብ ሥር የቀረ ጭስ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። በገበያ ቀን ከኋላ ሰው ጭናችሁ ለፀሐይ ወይም ለዝናብ ሸራ የምታለብሱ ከሆነ ጭሱ የሚጠራቀመው በሸራው ሥር ነው። ከኋላ የተቀመጡ ልጆች ራሳቸውን ካመማቸው «መንገዱ ነው» አትበሉ፤ ቁሙና ሸራውን ግለጡ። ሰውን በጭነት ላይ ማሳፈሩ ራሱ ትክክል እንዳልሆነ ሳንዘነጋ ማለት ነው።

የመስክ ልምምድ

በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከሉ ባለው የውሃ መሳቢያ ሞተር ላይ በአምስት በአምስት ሆናችሁ የሚከተለውን ሥሩ።

ሀ. ሞተሩን ሳታስነሱ ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ በአፈር ብናኝ ለዩ። ከዚያ ሞተሩን ከጉድጓዱ አንጻር የምታስቀምጡበትን ቦታና የቱቦውን አቅጣጫ በመሬት ላይ ሣሉ።

ለ. ሞተሩን ለአጭር ጊዜ ደጅ አስነስታችሁ በቱቦው መገጣጠሚያ አካባቢ ትንሽ የሣሙና ውሃ ያለው ጨርቅ በዱላ አስጠጉ። አረፋ የሚሠራበት ቦታ ካለ ምልክት አድርጉ። እጃችሁን አታስጠጉ፤ በርቀት ሲታይ የማያስፈራ ነገር ግን የሚያቃጥል ነው።

ሐ. ከፓምፑ እስከ ውሃው ገጽ ያለውን ጥልቀት በገመድ ለኩና በመጋቢት ስንት ሊሆን እንደሚችል ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጠይቃችሁ ጻፉ። ልዩነቱን ለቡድናችሁ አቅርቡ።

መ. ተወያዩበት፦ በቀበሌያችሁ ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ የሚሠራ ሰው ካለ ማን ያነጋግረው? «ታዲያ ሽንኩርቱ ይድረቅ?» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ?